«ፕሪአምፕ» ስንል የትኛውን ነው?

ደብረ ማርቆስ ያለ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰውን የሸክላ ማጫወቻ ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቢከፍተውም፣ የማሲንቆው ዜማ ከትንኝ ጥዝዝታ አልበለጠም። «ፕሪአምፕ ግዛ» ተባለ፤ ገዛ፤ ለውጥ የለም።

ጥፋቱ የስሙ ነው። ቃሉ ሁለት ዕቃዎችን ይጠራል። አንደኛው ድምፅ መጨመሪያና ከሲዲ ወደ ሬዲዮ መቀየሪያ ያለው መቆጣጠሪያ ነው፤ ወዳጄ የገዛው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ለሸክላ ብቻ የተሠራው «ፎኖ» ነው። የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ገደማ ሲያወጣ፣ የተለመደው ባለማግኔት የሸክላ መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ 400 ጊዜ ያንሳል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ሸክላው ላይ የሚቀረጽበት ቦይ እየሰፋ ቦታውን ይጨርሰዋል። ፎኖው ድምፁን ከማጉላቱም ሌላ ይህን መልሶ ያስተካክላል።

አምፕሊፋየርዎ ጀርባ ላይ «ፎኖ» የሚል መሰኪያ ካለ፣ ወይም ማጫወቻው ራሱ በውስጡ ፎኖ ካለው፣ ምንም አይግዙ። ከሌለ ፎኖውን ብቻ ይግዙ፤ ድምፅ መጨመሪያ ላለው አምፕሊፋየር ሌላ መቆጣጠሪያ መደረብ በእኔ እይታ ገንዘብ ማባከን ነው። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦም ያገናኟት፤ ከተረሳች ድምፅ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።