በአዲስ አበባ ዳርቻ የጠፉ ሰዎች ፍለጋና የነፍስ ግድያ ምርመራ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የአዲስ አበባ ዳርቻ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በከተማው አስተዳደር ውስጥ ያለው ጫፍ ነው፦ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ኮተቤ፣ አያት፣ ጀሞ፣ አስኮ። ሁለተኛው ከድንበሩ ማዶ ያለው የኦሮሚያ ክልል ነው፦ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ። ታክሲ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ልዩነቱ አይታይም። ለመርማሪ ፖሊስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሰበሰበ ጽሑፍ ስላልተገኘ ይህ ዳሰሳ ከሕግ መጻሕፍት፣ ከፍርድ ቤት ውሎዎችና ከፖሊስ መግለጫዎች የተለቃቀመ ነው።

ከአውጫጭኝ እስከ አባዲና

ድሮ ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ካልታወቀ የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይጠራል። አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ሰዉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግራቸዋል። እነሱም «ወፍ ነገረን» ብለው ያወጡታል፤ የተናጋሪው ስም አይነሳም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳው በአገሩ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ፖሊስ «ከኅብረተሰቡ በደረሰን ጥቆማ» ሲል ያቺው ወፍ መሆኗ ነው። ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ መድኃኒት ያጠጡትን ልጅ እየተከተሉ ሌባ የሚፈልጉበት ዘዴ ነበር። ስንት ንጹሕ ሰው እንዳስበላ አምላክ ይወቀው። በዙሪያው ባለው የኦሮሞ ማኅበረሰብ ነፍስ ሲጠፋ ጉማ (የደም ካሳ) ይወጣል፤ ሽማግሌዎች ገብተው የሟችና የገዳይ ወገን ይታረቃል። ይህ ዛሬም አለ፤ የመንግሥትን ክስ ግን አያስቀርም።

በከተማው ሥርዓት የሚያስከብረው አራዳ ዘበኛ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 በወጣ አዋጅ ዘመናዊ ፖሊስ ተቋቋመ። መኮንኖችን ያሠለጠነው አባዲና የተከፈተው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የአባዲና ልጆች በአቋማቸውና በጽሕፈታቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ፤ የድሮ የምርመራ መዝገብ የገለጠ ሰው ይህን አይክድም። የእነሱ ወራሽ የሆነው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሰንዳፋ ነው፤ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ።

የደርግ ዘመን

ከሁሉም ዘመን በሰነድ የተሞላው ይህ ነው። ምክንያቱም በ1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ነው። ደርግ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ አያቃጥልም ነበር፤ የግድያ ትእዛዝ ሳይቀር ፈርሞ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ዐቃቤ ሕጉ እነዚያን ወረቀቶች ይዞ ነው ፍርድ ቤት የቀረበው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። በ2000 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በተለይ በ1969 እና በ1970፣ ብዙ ሬሳ መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ያ እንዲታይ ተብሎ ነው። እንዳይታይ የተፈለገው ደግሞ ሌሊት በመኪና ተጭኖ ወደ ዳርቻ ይወጣል። ኮተቤ የተገኘው የጅምላ መቃብር የዚህ ምስክር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች እዚያ ቆፍረዋል። አርጀንቲናዎቹ ሥራውን የተማሩት በራሳቸው አገር ወታደሮች የሰወሯቸውን ሰዎች ሲፈልጉ ነው። ኮተቤ ላይ አፈሩን በብሩሽ እየጠረጉ አጽሙን ሲያወጡ አንገት ላይ የታሰረው የናይለን ገመድ ሳይበሰብስ ቆይቷቸዋል። ሥጋና ልብስ አልቆ ገመዱ ቀረ። በጥይት ሳይሆን በመታነቅ እንደሞቱ ያስረዳውም እሱ ነው።

ከተሰወሩት መካከል የሃይማኖት አባቶችም ነበሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከጸሎት ወጥተው ሲሄዱ ታፈኑ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቦቻቸው «የሉም» ከማለት በቀር ቁርጡን አያውቁም ነበር።

ያልተፈታው ትልቁ ጉዳይ የደራሲው የበዓሉ ግርማ ነው። በ1975 «ኦሮማይ» የተባለው ልቦለዱ ታትሞ ተሰበሰበ፤ እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። የደርግ ደኅንነት እንደገደለው ብዙ ሰው ይናገራል፤ የዚህ ዳሰሳ ጸሐፊም ከዚህ የተለየ የሚያሳምን ነገር አልገጠመውም። ሆኖም በፍርድ የተረጋገጠ ገዳይ የለም። መቃብርም የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። በወንጀል ሕጉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በ25 ዓመት በይርጋ (ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ግን በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን፣ በአስገድዶ መሰወርንም ጨምሮ፣ ይርጋ አያግዳቸውም ይላል። ስለዚህ የቃሊቲዋ ቮልስ መዝገብ በሕግ ፊት አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ ስላለው ጊዜ አጠር አድርገን እንለፈው፦ በምርመራ ስም ሰው ሲሰቃይበት የኖረው ማዕከላዊ የተባለው የፖሊስ ምርመራ ቦታ በ2010 ተዘግቷል።

ምርመራው እንዴት ይሄዳል?

መሠረቱ እስካሁን በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ማንም ሰው፣ በዓይኑ ባያይም፣ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። ብዙ ጣቢያ ላይ ግን «24 ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ አይባልም፣ ነገ ኑ» የሚል መልስ ይሰማል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። ጉዳዩ ሕፃን ከሆነማ ጭራሽ አያስኬድም። እውነቱን ለመናገር ይህ የሕጉ ሳይሆን የሥራ ጫናው መልስ ነው፤ አንድ መርማሪ ስንት መዝገብ እንደሚሸከም ያየ ሰው ትንሽ ያዝንለታል።

አስከሬን ከተገኘ የቴክኒክ ምርመራ ክፍል ይጠራል፤ ፎቶ ይነሳል፣ አሻራ ይፈለጋል። ዳርቻው ላይ እንግዲህ ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ከተማ ውስጥ ሰው ቶሎ ያያል። ዳርቻ ላይ ግን ገደል አለ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ። ሌሊቱ የጅብ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከላይ የገባውን ሁሉ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ስለዚህ ሬሳው የተገኘበት ቦታ የተገደለበት ላይሆን ይችላል። ፖሊስ ደጋግሞ ከሚገልጻቸው ወንጀሎች አንዱ የራይድ ሹፌር ግድያም የዚህ ዓይነት ነው፦ መሀል ከተማ እንደ ተሳፋሪ ይገባሉ፣ ጭር ያለ ቦታ ሲደርሱ ከኋላ ያንቁታል፣ መኪናዋን ይዘው ይሄዳሉ።

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የተሸከመው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ ከክልልም ሳይቀር ይመጣለታል። በኋላ ጳውሎስም የፎረንሲክ ሕክምና ክፍል አደራጅቷል። ተጠርጣሪ ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራ ካልጨረሰ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ማስረጃው ተሟልቶ ካልቀረበ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። «ፋይሉ ተዘጋ» ሲባል ቤተሰብ ነገሩ ያከተመ ይመስለዋል፤ አዲስ ማስረጃ ከመጣ ግን ይርጋ እስካልሞላ ድረስ ይንቀሳቀሳል። ከባድ ግድያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል።

የድንበሩ ነገር

አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጸመ ግድያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የኦሮሚያ ፖሊስና ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ የመዝገቡ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ይሆናል። ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ጉዳይ የተስማሙት በነሐሴ 2014 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሸገር ከተማ ሲመሠረት የዙሪያው ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ከዚያ በፊት አንዳንድ ሠፈር «የማን ነው?» የሚለው ራሱ ግማሽ ቀን ይበላ ነበር።

የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ የዚህ ምሳሌ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት የተተኮሰበት ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ገላን የሚባለው ከተማ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ግን አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ታየ። ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን በቀናት ውስጥ መያዙ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው። አንደኛ ተከሳሽ በ2013 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከጀርባ ማን ነበር የሚለው ክርክር ግን አሁንም አልበረደም። በመስከረም 2011 ቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት የሟቾች ቁጥርም እንዲሁ አከራካሪ ነው፤ ፖሊስ መጀመሪያ 23 አለ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58።

አፋልጉኝ

ፖሊስ ጋ ከተመለከተ በኋላ ፍለጋው በአብዛኛው የቤተሰብ ነው። ፎቶ ይባዛል፣ ምሰሶ ላይ ይለጠፋል፣ ለሬዲዮና ለፌስቡክ ይሰጣል። «ከቤት ስትወጣ ቡኒ ሹራብ፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር፤ ያያችሁ ወሮታውን እንከፍላለን»። ስልክ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ አንዱ የወንድም፣ አንዱ የጎረቤት። የጣቢያው ስልክ እምብዛም አይጻፍም።

መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል፣ ቀጥሎ አስከሬን ክፍል። ከዚያ ጸበል ቦታዎች፣ በተለይ እንጦጦ። አእምሮው የታወከ ወይም የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ከሆነ አያት ያለው መቄዶንያ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ እዚያ የተገኘ ብዙ ነው። የሞባይል ጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከኢትዮ ቴሌኮም ይወጣል። ይህ ዛሬ ከየትኛውም ምስክር በላይ ይሠራል፤ ቤተሰብ ግን በራሱ ሊያወጣው አይችልም፣ መርማሪውን መወትወት ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ከጠፋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 ይመጣል። ያገባኛል የሚል ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅለት ያመለክታል። ማመልከቻው በጋዜጣ ይነገራል። ፍርድ ቤቱ ካወጀ ጋብቻው ይፈርሳል። ብዙ ሚስቶች ግን ዓመታት ቢያልፉም አያመለክቱም፤ ማመልከት መቅበር ይመስላቸዋል። ቤት ለመሸጥ ወይም የባንክ ብር ለማውጣት የተቸገሩት ናቸው የሚሄዱት። ሰውየው አንድ ቀን በሕይወት ቢመጣ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል።