በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨት በድሬዳዋ ልጆች ዘንድ

ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ጋር የሚያፋትጉበት ወይም አጥብቀው የሚነክሱበት ሁኔታ በሕክምና ቋንቋ ብሩክሲዝም ይባላል፤ ወላጆች የሚያውቁት ግን ጥርስ ማፋጨት በሚለው ስሙ ነው። በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ቤት ውስጥ አላስተኛ ሲል ፍራሹን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ዘርግቶ ጎን ለጎን የሚተኛ ቤተሰብ ስላለ፣ ሌላ ጊዜ ከግድግዳ ወዲያ የሚቀረው ድምፅ በሌሊቱ ጸጥታ ደረቅ ሽምብራ እንደሚቆረጥም ሆኖ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ወላጅ መደንገጡ አይቀርም።

ማፋጨቱ በአብዛኛው የሚመጣው እንቅልፉ ገና ቀላል በሆነበት ሰዓት ነው። አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ብንን ሲል የልብ ምት ቀድሞ ይፈጥናል፤ ከዚያም የመንጋጋ ጡንቻዎች በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እየተኮማተሩ ጥርስን በጥርስ ላይ ይነዳሉ፤ ልጁ ግን ጠዋት ቢጠየቅ ምንም አያስታውስም። ዝንባሌው በቤተሰብ ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል፤ ጭንቀትና እንቅልፍን የሚያውኩ ነገሮችም ያባብሱታል። በሐረርጌ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ በወተት ሲጠጣ ለልጅ የማይከብድ ቢመስልም ካፌይን ስላለበት፣ ማታ ማታ ለልጅ ባይሰጥ ይመረጣል።

በከተማው፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ጥርስ የሚያፋጭ ልጅ ወዲያውኑ «ወስፋት ይዞታል» ይባላል። ወስፋት በእርግጥ ልጆችን የሚያቀጭጭ ችግር ነው፤ መድኃኒቱም በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ሲሰጥ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በወስፋትና በማፋጨት መካከል ያለው ዝምድና በጥናት ወጥ ሆኖ አልተረጋገጠም። እምነቱ የጸናው፣ እንደሚመስለው፣ ማፋጨት በራሱ ጊዜ ለሳምንታት እየመጣ የሚሄድ በመሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው ድምፁ በበረታበት ሰሞን ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጋብታ የመድኃኒቱ ሥራ ይመስላል።

ከጥርሱ ድምፅ ይልቅ ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው የልጁ ትንፋሽ ነው። ልጁ ብዙ ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ አንገቱን ወደ ኋላ የሚቀለብስ፣ ትንፋሹ ለአፍታ ቆም ብሎ በሲቃ የሚመለስ ከሆነ፣ ያበጠ ቶንሲል ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ የአየር መንገዱን እያጠበበበት ሊሆን ይችላል፤ ማፋጨትም ከዚህ ዓይነቱ የእንቅልፍ መታወክ ጋር አብሮ ይታያል። እንዲህ ያለ ልጅ ሆስፒታል ታይቶ ሕክምና ማግኘት አለበት። እንጥል ለሚቆርጥ ሰው መስጠት ግን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር የጠበበውን መንገድ አይከፍትም፤ ይህ ድርጊት ዛሬም ልጆችን የሚጎዳ በመሆኑ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ጥርሱን በተመለከተ አብዛኛው ስጋት ከጉዳቱ ይበልጣል። አፉን ከፍቶ በብርሃን ሲታይ የክራንቻው ሹል ጫፍ በሞረድ እንደተሞረደ ጠፍጥፎ ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 12 ዓመት አካባቢ በቋሚዎቹ ስለሚተኩ፣ መጠነኛ መበላት ብዙ ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ማፋጨቱም በአብዛኞቹ ልጆች ዕድሜያቸው ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። ለአዋቂዎች የሚሠራው የሌሊት የጥርስ መከለያ መንጋጋው ገና ለሚያድግ ትንሽ ልጅ እምብዛም አይታዘዝም። ቋሚ ጥርስ መበላት ከጀመረ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጥርሱን ከጠዘጠዘው፣ ወይም ጠዋት መንጋጋውንና ጆሮ ግንዱን የሚያመው ከሆነ ግን የጥርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሐኪሙ ዘንድ ልጁ ንቁ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ሌሊት በስልክ የተቀዳ የጥቂት ደቂቃ ድምፅ፣ በተለይ ትንፋሹ የሚሰማበት፣ ከወላጅ ገለጻ የበለጠ ይረዳል።