የመንገድ ዳር ዛፍ በወሎ አዳዲስ ሰፈሮች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ በየአቅጣጫው እየሰፉ ነው። የማኅበር ቤቶች ተሠርተው ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃና መብራት ነው፤ ቀጥሎ መንገድ። ዛፍ የሚታወሰው ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ቦታ የለም። በአንዱ በኩል የውሃ ቧንቧ አለ፣ በሌላው የመብራት ምሰሶ፣ መሀል ላይ የጎርፍ ቦይ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከወረቀቱ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይታሰባል። የመንገድ ዳር ዛፍ ግን በሁለቱ 30ዎች መካከል ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ቦታው ካርታ ሳይታደል በፊት በፕላኑ ላይ መሰመር አለበት። ቢያንስ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ድንጋይ የማይነጠፍበት አፈር ያስፈልጋል። ኮብልስቶኑ ግንዱን አንቆ የያዘውን ዛፍ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፦ ውሃ አይገባም፣ ግንዱ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል፣ በመጨረሻም መጥረቢያ የሚያርፈው በዛፉ ላይ ነው።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ወሎ ላይ አንድ ዓይነት ችግኝ ለሁሉም ከተማ ማደል ትልቅ ስህተት ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያምረው ጃካራንዳ ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሊያጠወልገው ይችላል። ለደሴ ብርድ ጽድና ወይራ ይሻላሉ፤ ሰፊ ቦታ ከተገኘ ኮሶም ጥሩ ነው። ለኮምቦልቻ ዋንዛና ግራቪሊያ ይስማማሉ። የመብራት ሽቦ ሥር ግን ቁመቱ አጭር የሆነ ዛፍ ብቻ ነው የሚተከለው።

ዋርካን ሁላችንም እንወደዋለን። ስንት ሽምግልና የተቀመጠበት ዛፍ ነው! ግን ለእግረኛ መንገድ አይሆንም። ሥሩም ጥላውም ሰፊ ስለሆነ አደባባይ ወይም የሰፈሩ የጋራ ሜዳ ይሰጠው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከቤትና ከቧንቧ ይራቅ።

የተከላው ጊዜ የታወቀ ነው። ጉድጓዱ ግንቦት ውስጥ ይቆፈራል፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና ጥልቀት። የላይኛው ለም አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል መጀመሪያ እሱ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ችግኙ ይገባል። ጥቁሩ ፕላስቲክ መቀደድ አለበት። ቀላል ይመስላል፣ ግን በጥድፊያ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ከባዱ ሥራ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ የሚያጠጣ ሰው በስም መታወቅ አለበት። በልጉን መጠበቅ አያዋጣም፤ ወሎ ላይ በልግ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ችግኝ ብዙ አይደለም። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም ይሆናል፣ በረኪና እስካልገባበት ድረስ። በእኔ እምነት ይህን ከሰፈሩ እድር የተሻለ የሚያስተባብር የለም። እድር ቤቶቹን ያውቃል፣ ሰው ያከብረዋል፣ የቀረውንም ይጠይቃል። ፍየልና በግ በሚያልፍበት መንገድ ደግሞ የእሾህ ወይም የቀርከሃ አጥር ግድ ነው።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ የተተከለውን መቁጠር ለምደናል። የመንገድ ዳር ዛፍ ግን የሚቆጠረው በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ቆሞ ከተገኘ። በዚያ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ታፔላዬን ጋረደብኝ ብሎ እንዳይቆርጠው አስቀድሞ ማነጋገር ይጠቅማል። የታችኛውን ቅርንጫፍ በመመልመል ብዙው ጠብ ይበርዳል።

የችግኝ ጣቢያውም ቀደም ብሎ ይታዘዝ። ስንዝር የምታክል ችግኝ መንገድ ዳር አትዘልቅም፤ የልጅ ኳስ እንኳ ይሰብራታል። ሁለት ዓመት ጣቢያ ውስጥ አድጋ ከወገብ በላይ የደረሰች ናት የምትፈለገው። ይህ ማለት የቤቶቹ መሠረት ሲቆፈር ትዕዛዙ መድረስ አለበት፣ ለሚደርቀው መተኪያ የሚሆን ትርፍ ችግኝ ተጨምሮበት።