የንባብ ችግር የመጀመሪያ ምልክቶች በአማርኛ ጀማሪ አንባቢዎች ላይ

በአማርኛ ንባብ የሚቸገር ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግሩ ሳይታወቅለት ሊቆይ ይችላል። 33ቱ ፊደላት በ7 ረድፍ ተዘርግተው 231 ቅርጾች የሚሆኑበትን ገበታ በዜማ ሳይደናቀፍ የሚወጣ ልጅ «ፊደል ለየ» ይባላል፤ በቃሉ የያዘው ግን የፊደሉን መልክ ሳይሆን ተራውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን የቤተ ክህነቱ ንባብ ቤት ቀድሞ ተረድቶታል ማለት ይቻላል። ሀሁን የዘለቀ ተማሪ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ እዚያ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ረድፉም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የሀሁ ዜማ አያግዘውም። የኔታ በስንደዶ ያመለከቱትን ፊደል ለይቶ ካልጠራ ወዲያው ይታወቃል። አቡጊዳ የተደረደረው ለዚሁ ፈተና ነው የሚሉ አሉ፤ አደራደሩ ከዚያ የቆየ ምንጭ አለው የሚሉም አሉ። ጥቅሙ ግን አያከራክርም።

በ2010 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ከቀረ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ማስተማሪያው ነው፤ እኩል ተምረው እኩዮቹ ሲያነቡ አንዱ ብቻ ከቀረ ግን ልጁን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ምልክቱ ትምህርት ቤት ከመግባት በፊትም ይታያል። አፉን ዘግይቶ የፈታ፣ ወይም እኩዮቹ እንካ ስላንትያ ሲጫወቱ ቤት የሚመታ ቃል ማምጣት የሚያቅተው ልጅ ድምፅ የመለየት ችግር ሊኖርበት ይችላል። ከቤተሰቡ በንባብ የተቸገረ ሰው ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፊደል ከጀመረ በኋላ ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ፣ ነን ከኘ ማምታታት ለማንም ጀማሪ የተለመደ ነው፤ ወራት አልፈውም «ቡ»ን «ቢ» የሚል፣ በተለይም መልኩ ከፊደል ፊደል በሚለያየው ሳድስ ላይ የሚቆም ልጅ ግን ትኩረት ይሻል። «በሬ» ተብሎ የተጻፈውን ሥዕሉን አይቶ «ላም» የሚልም እንዲሁ ነው፤ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ እንደገና ማስነበብ ነገሩን ያጠራዋል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው፤ ጉልበቱን ሁሉ ፊደል በመልቀም የጨረሰ ልጅ እዚህ ላይ ይጠፋዋል።

በአንጻሩ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወይም ሰ እና ሠን እያቀያየሩ መጻፍ ከምልክቶቹ አይቆጠርም፤ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ አዋቂውም ያቀያይራቸዋል። ዓይንና ጆሮ ሳይመረመሩም ዲስሌክሲያ (ከተፈጥሮ የሚመጣ የንባብ ችግር) ነው ማለት አይገባም፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከመጨረሻው ወንበር ወደ ፊት ሲመጣ ማንበብ የሚጀምርበት ጊዜ አለ።