«ከክትትል የጠፋ» ምንድን ነው?

ስለ ክሊኒካዊ ሙከራዎች (መድኃኒት በሰዎች ላይ ስለሚሞከርባቸው ጥናቶች) ሲነገር አንድ አባባል እየተደጋገመ መጥቷል፦ «ይህን ያህሉ አቋርጠው ጠፍተዋል፤ በምትካቸው አዳዲስ ሰዎች ስለመዘገብን ግን ውጤቱ አልተነካም።» በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። ማቋረጥና መጥፋት አንድ አይደሉም። የጠፋ ሰው ደግሞ በሌላ ሰው አይተካም።

ከክትትል የጠፋ፣ በሥራ ላይ «ሎስት» የምንለው፣ የጥናቱ መለኪያ ሊወሰድለት በሚገባበት ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያላወቅነው ተሳታፊ ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ መዝገባችን ነው እንጂ ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም። ሰውየው ድኖ ሥራ ገብቶ ይሆናል፤ በራሱ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ ይሆናል፤ ሞቶም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከቲቢ መዝገብ «አቋራጭ» የሚለውን ቃል አንስቶ በዚህኛው የተካው፣ የቀድሞው ጥፋቱን በታካሚው ላይ የሚጥል ስለነበር ነው። በቲቢ ፕሮግራም ትርጉሙ ሕክምና ያልጀመረ ወይም ሕክምናው ለ2 ተከታታይ ወራት ወይም ከዚያ በላይ የተቋረጠበት ማለት ነው። ይህን ገልብጦ ወደ ሙከራ ማምጣት ግን አይቻልም። እያንዳንዱ ሙከራ የራሱን ትርጉም በፕሮቶኮሉ (በጥናቱ የጽሑፍ ዕቅድ) ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ነገሩን ዕቁብ ያስረዳል። ሃያ አባላት ባሉት ዕቁብ አንዱ መክፈል ያቆማል፤ እሑድ እሑድ ግን ይመጣል፣ ችግሩንም ይናገራል። ሌላው ዳኛውን «ከዛሬ ጀምሮ ሰርዙኝ» ብሎ ይሰናበታል። ሦስተኛው ድምፁ ይጠፋል። ጸሐፊው ሦስቱንም «ቀሪ» ብሎ ከጻፋቸው በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ማንም አያስተካክለውም። በሙከራም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን ያቆመ ግን ለምርመራ የሚመጣ ሰው መረጃው ሙሉ ነው፤ በመጀመሪያ በዕጣ በደረሰው ምድብ (በአዲሱ ወይም በነባሩ መድኃኒት) ውስጥ ይቆጠራል። ለመሳተፍ የሰጠውን ስምምነት ያነሳ ሰው የሰጠን መልስ አለ፤ መልሱ ይከበራል። የጠፋው ግን መልስ አልሰጠም። ብዙ ቅጾች ላይ ለሦስቱም «ጥናቱን ያቋረጠ» የምትል አንዲት ሳጥን ብቻ አለች፤ ነርሷ መድኃኒት ያቆመውን ሁሉ እዚያ ላይ ምልክት ታደርግና ቀጠሮውን ትሰርዛለች። በዚህ መንገድ ጥናቱ ራሱ ያጠፋቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ መተካቱ። በዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት የቀረና ሳይወጣለት የቀረ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ድርሻውን ይዞ ሄዷል፤ ሁለተኛው የከፈለውን ጥሎ ቀርቷልና አንድ ነገር ገጥሞታል። በሁለቱ ቦታ ሌላ ሁለት ሰው ማስገባት ወንበሩን ይሞላል እንጂ ምን እንደደረሰባቸው አይነግርም።

በቁጥር ይታይ (ቁጥሩ ለምሳሌ የቀረበ ነው)። በአዲሱ መድኃኒት 100 ሰው፣ በነባሩ 100 ሰው ተመድቧል። ከእያንዳንዱ 20 ጠፋ። ከቀሩት 80 ውስጥ በአዲሱ 60 ዳኑ፣ በነባሩ 52፤ ማለትም 75 በመቶ እና 65 በመቶ። አዲሱ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ከአዲሱ የጠፉት መድኃኒቱ ሆዳቸውን እያመሰ ያባረራቸው ቢሆኑና ከ20ዎቹ የዳኑት 6 ብቻ ቢሆኑስ? ከነባሩ የጠፉት ደግሞ አብዛኞቹ ተሽሏቸው ወደ ሥራ የተመለሱ ቢሆኑና 16ቱ ድነው ቢሆንስ? ድምሩ በአዲሱ 66፣ በነባሩ 68 ይሆናል። ውጤቱ ተገለበጠ። «ከሁለቱም ወገን እኩል ስለጠፋ ችግር የለውም» የሚለው መከላከያም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ብዛታቸው እኩል ነው፣ ምክንያታቸው ግን አይደለም። በእያንዳንዱ ምድብ 200 ሰው ብንመዘግብና 40 ቢጠፋ ደግሞ ያው 75 እና 65 በመቶ ይወጣል። የተለወጠው የእርግጠኝነት ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ብለን የምንገምተው ክልል) መጥበቡ ብቻ ነው፤ ስህተቱን ከበፊቱ ይበልጥ በልበ ሙሉነት እንናገራለን ማለት ነው።

ጨምሮ መመዝገብ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን የናሙናው ብዛት እንዳይጎድል ብቻ ነው። እሱም ራሱ በስህተት ይሰላል። እስከ መጨረሻው 400 ሰው ካስፈለገና 20 በመቶ ይጠፋል ተብሎ ከተገመተ፣ 400 ላይ 80 ደምሮ 480 መመዝገብ የተለመደ ነው። ከ480 ውስጥ 20 በመቶው 96 ነው፤ የሚቀረው 384። ትክክለኛው 400ን ለ0.8 ማካፈል ነው፤ 500 ይመጣል።

ሰው የሚጠፋው ለምንድን ነው? በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአቃቂ፣ በለገጣፎ አካባቢ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር አይገናኝም። ኮንዶሚኒየሙ የብሎክና የቤት ቁጥር አለው፤ ተከራዩ ግን ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቃል። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጠይቃል፤ ግቢው ደግሞ ሴትዮዋን የሚያውቃት «የሚሚ እናት» ብሎ ነው። በመዝገብ ስሟ የጠየቀ፣ ከጥናቱ የተላከ ፈላጊ «እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም» ተብሎ ከበሯ ይመለሳል። ስለዚህ በምዝገባው ቀን የሚጠሩበት ስም፣ የበር ምልክቱ (ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር)፣ የሁለት ተጠሪዎች (ተሳታፊው ሲጠፋ የሚጠየቁ ቅርብ ሰዎች) ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ተጠሪም ምን ሊነገር እንደሚቻል ይጻፋል። ስልኩ እዚያው ተደውሎ ሲጠራ መስማት ያስፈልጋል፤ አንድ አኃዝ የተሳሳተ ቁጥር ከወር በኋላ አይታረምም።

የዘመን አቆጣጠሩም ሰው ያጠፋል። ፕሮቶኮሉ በየ28 ቀኑ ይላል፤ ተሳታፊው «ወር» ሲባል 30 ቀን ይቆጥራል። መስከረም 1 የጀመረች ሴት በሦስተኛው ወር ታኅሣሥ 1 ብትመጣ 90ኛ ቀኗ ነው፤ ቀጠሮዋ 84ኛው ነበር። 3 ቀን ወደፊትና ወደኋላ ብቻ በሚፈቅድ ፕሮቶኮል አለፈባት። ነሐሴ 1 የጀመረ ሰው ሁለት ወር ሲቆጥር ጥቅምት 1 ይደርሳል፤ ጳጉሜ ተጨምሮበት 65 ቀን ሆኗል፣ የሚጠበቀው በ56ኛው ነው። (የዘገየ ሰው የጠፋ አይደለም። ሲመጣ ምርመራው ይሠራለታል፣ መዘግየቱም ለብቻው ይመዘገባል።) ከኮምፒዩተር የታተመ «8:00» የሚል ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ይመጣል፤ በባዶ ሆድ የሚወሰደው ደም በዚያው ቀረ። ካርዱ ላይ ዕለቱ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ በእጅ ይጻፍ፤ ቀኑ ጥምቀት ወይም ሌላ በዓል ላይ እንዳይውልም አስቀድሞ ይታይ።

«ጠዋት ከምግብ ጋር» የሚወሰድ ክኒን በዐቢይ ጾምና በረመዳን ይቆማል። ያቆመው ሰው ይቆጡኛል ብሎ ስለሚፈራ ቀጠሮውንም ይተዋል። ክኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር መወሰን፣ ካቆሙም በኋላ እንዲመጡ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ የቀረበትን ምክንያት የሚያስረዳ ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ «ለሕክምና ቀርበዋል» ይበል እንጂ የጥናቱን ስም አያንሳ።

ትራንስፖርት በዕለቱ፣ በእጅ ይከፈላል። «ሁሉን ጨርሰው ሲመጡ በአንድ ላይ እንከፍላለን» የሚል ሐሳብ ሰው ያቆያል ተብሎ ይቀርባል፤ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ደንብ ግን ክፍያው በየመምጣቱ እንዲከፋፈልና ሙሉ በሙሉ በመጨረስ ላይ እንዳይንጠለጠል ይጠይቃል። መጠኑንም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማጽደቅ አለበት። በቀላሉ የማይጠፉትን ብቻ፣ የቤት ባለቤትና የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ መርጦ መመዝገብም መፍትሔ አይደለም፤ መድኃኒቱን ነገ የሚውጠው የቀን ሠራተኛውም ተከራይዋም ነው።

የዕቁቡ ምሳሌ የማይሠራበት ቦታ እዚህ ነው። ዕቁብ ዋስ አለው፤ ሰው ሲጠፋ ዋሱ ይያዛል። ተጠሪ ግን ዋስ አይደለም። ተሳታፊው ለማንም ዕዳ የለበትም፤ በፈለገው ጊዜ፣ ምክንያት ሳይናገር፣ ሕክምናው ሳይጓደልበት መውጣት ይችላል። ፈላጊው የጥናት አርማ ያለበት መኪና ይዞ በር ላይ አይቆምም፣ ለጎረቤት የበሽታ ስም አያወራም፣ ወረቀት ትቶ አይሄድም። የሚደውለው በተለያየ ቀንና ሰዓት ነው፤ ማለዳ ሥራ ሳይገቡ፣ ማታ ከተመለሱ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሲያገኛቸውም መጀመሪያ «ደኅና ነዎት?» ይላል፣ «ለምን ቀሩ?» አይደለም። መውጣት እፈልጋለሁ ካሉ ከየትኛው እንደሚወጡ ይጠየቃሉ፦ ከመድኃኒቱ፣ ከመመላለሱ፣ ከስልኩ፣ ወይስ ከሁሉም? መድኃኒቱን ብቻ ትተው በስልክ ሁኔታቸውን መንገር የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ እነሱ የጠፉ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተገኘው ሰው «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል፤ በአንድ ቀጠሮ መቅረት ሳይሆን ፕሮቶኮሉ የወሰነው ጊዜ ሲያልቅ። አብሮም ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን፣ ያኔ የነበረበት ሁኔታ፣ የተሞከረው ጥሪ ሁሉ ከነሰዓቱ ይገባል። በሪፖርቱ የተሳታፊዎች ፍሰት ሥዕል ላይ ደግሞ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የሙከራ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ (ኮንሶርት) እንደሚያሳየው፣ የጠፉት በአንድ መስመር፣ መድኃኒት ያቆሙት በሌላ መስመር፣ ለየምድባቸው ከነምክንያታቸው ይቀመጣሉ።