ፓኒንግ ምንድን ነው? ዘፋኙስ ለምን ቀኝ ጆሮ ላይ ብቻ ቀረ?

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንዱ የቢትልስን የ1963 ዘፈን በኤርፎን ሰምቶ «ድምፁን ቀኝ፣ መሣሪያውን ግራ አድርገው በፓኒንግ የተራቀቁበት የሙከራ ሥራ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላው «እኔ ኤርፎኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» ይላል። ለእውነቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ፓኒንግ ለአንድ ድምፅ በግራና በቀኝ ስፒከር መካከል ቦታ መስጠት ነው። ሚክሰሩ ላይ ያለችውን ማዞሪያ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። የሚያናድደኝ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሰማ ነገር ሁሉ ታስቦበት እዚያ የተቀመጠ መምሰሉ ነው።

በያይነቱን አስቡ። ትሪው ላይ ሽሮው እዚህ፣ ምስሩ እዚያ፣ ጎመኑ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቦታ ሊመረጥለት የቻለው ሁሉም በየድስቱ ስለተሠራ ነው። በ1963 መጀመሪያ ላይ በለንደኑ የኢኤምአይ ስቱዲዮ ለቢትልስ የቀረበው ድስት ግን ሁለት ብቻ ነበር። ባለሁለት ትራክ ቴፕ፣ ማለትም ሁለት ቅጂ ብቻ ለየብቻ የሚይዝ። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን አንዱ ላይ መሣሪያውን፣ ሌላው ላይ ድምፃቸውን አስቀረጸ። ኋላ ሁለቱን አዋህዶ ሞኖ (ግራና ቀኝ የሌለው አንድ ድምፅ) ሲያደርግ፣ ዘፋኞቹ በጊታርና በከበሮ እንዳይዋጡ መጠኑን ለማስተካከል እንዲመቸው። «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» የተባለው አልበማቸው አብዛኛው የተቀረጸው ፌብሩዋሪ 11፣ በአንድ ቀን ነው። በዚያ ሩጫ ስለ ግራና ቀኝ ማን ይራቀቃል?

ብዙው ወጣት የሚገዛውም ሞኖውን ሸክላ ነበር። ግራና ቀኙ ለሚለያየው ለስቴሪዮው ሸክላ ሁለቱ ድስት ሳይዋሃዱ ትሪው ላይ ተገለበጡ። አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። ከላይ ትንሽ ኢኮ ተነሰነሰበት።

«ታዲያ ባሱን እንኳ ለምን ወደ መሃል አላመጡትም?» ይል ይሆናል ያ ጸሐፊ። ከምን ነጥለው? ባሱ፣ ጊታሩና ከበሮው አንድ ድስት ውስጥ ናቸው። ምስሩና ሽሮው አብረው ከተንተከተኩ በኋላ ምስሩን በማንኪያ ልቀሙልኝ እንደማለት ነው። እርግጥ ዛሬ ሶፍትዌር ይለቅመዋል፤ «ሪቮልቨር» የተባለው የቢትልስ አልበም በ2022 እንደገና ሚክስ የተደረገው በዚያ መንገድ ነው። በ1963 ግን የለም።

እዚህ ላይ በያይነቱዬ ትንሽ ያነክሳል። መሃል የሚሰማው ድምፅ መሃል የለም። እዚያ ስፒከር የለማ! ከግራም ከቀኝም እኩል ሲመጣ አእምሯችን ነው መሃል የሚያስቀምጠው። ባዶ እንጀራ ሽሮ ሽሮ ሲል ማለት ነው። እሱም ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቃችሁ ስትቀመጡ ብቻ ነው። ሶፋው ጥግ ከሆናችሁ ዘፋኙ ወደ ቅርቡ ስፒከር ይጎተታል።

ኤርፎንም የራሱ ጣጣ አለው። በስፒከር ስንሰማ የግራው ድምፅ ለቀኝ ጆሮም ይደርሳል፤ ክፍሉም ያዋህደዋል። ኤርፎን ግን መሃል ላይ ግድግዳ ይሠራል። ሁለት ጓደኛሞች ታክሲ ውስጥ አንድ ኤርፎን ተካፍለው ይህን አልበም ቢሰሙ፣ አንዱ ዘፋኙን ይዞ ይወርዳል፣ ሌላው ባንዱን።

ሙከራ የሚባል አልነበረም አላልኩም። ጂሚ ሄንድሪክስና የድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመር በ1968ቱ «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» አልበም ላይ ዘፈኑ እየሄደ ድምፁን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያንሸራሽሩት፣ እጅ ማዞሪያው ላይ ነበር። ያ ሙከራ ነው።

ማርቲንም ቢሆን ቆይቶ ሞክሯል። በ1965ቱ የቢትልስ አልበም «ራበር ሶል» አራት ትራክ ነበረው፤ ምርጫ ነበረው። ያም ሆኖ ብዙ ቦታ ድምፁን ወደ አንድ ወገን አደረገው፣ አስቦበት። ስቴሪዮው በሞኖ ማጫወቻ ሲሰማም ደህና እንዲሆን ፈልጎ ነው። በተለመደው የፓኒንግ ስሌት መሃል የተቀመጠ ድምፅ፣ ሁለቱ ቻናሎች (ግራና ቀኙ) ወደ ሞኖ ሲደመሩ ዳር ካለው በ3 ዴሲቤል ገደማ ይጎላል። ሁሉም ዳርና ዳር ከሆነ ግን ምጣኔው አይናጋም። ያ ጸሐፊ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የወጣውን አልበም መርጦ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም አፌን በያዝኩ።