ዑሽር እና ሰለም፦ ኦፒየም በአፍጋኒስታን ገጠር ማንን ጌታ አደረገ?

ስለ አፍጋኒስታን ኦፒየም፣ ከፖፒ ተክል ስለሚገኘው አደንዛዥ ዕፅ፣ ሲወራ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ዑሽር ማለት ከአሥር አንድ ነው። ከእኛው አሥራት ጋር ይቀራረባል። በእስልምና ሕግ ከአዝመራ የሚወጣ ድርሻ ነው። እንደ ሄልማንድ ባሉ አካባቢዎች ግን ከኦፒየምም ይሰበሰብ ነበር። አንዳንዱ መንደር ለመስጊዱ ሙላህ ይሰጥ ነበር፣ ሌላ ቦታ ታሊባን ይወስደው ነበር። ያኔ እዚያ አካባቢ ማን ይገዛ እንደነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ዑሽሩን ማን ይቀበል እንደነበር ጠይቁ።

ሰለም ደግሞ ብድር ነው። እኔ ከዑሽር ይልቅ የሚከብደኝ ይሄ ነው። በብርዱ ወራት ገበሬው ቤት ዱቄት ያልቅ ነበር። ነጋዴ መጥቶ ገና ያልደረሰውን ኦፒየም ቀድሞ ይገዛው ነበር። ዋጋው ብዙ ጊዜ በአጨዳ ወቅት ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ነበር። ምርቱ ከተበላሸ ዕዳው ወደ ከርሞ ይሻገር ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛማ ምርጫ አልነበረውም። መሬቱን ያገኝ የነበረው ኦፒየም ሊዘራበት ከተስማማ ነው።

ታሊባን በ2000 እ.ኤ.አ. እርሻውን ሲከለክል የኦፒየም ዋጋ ሰማይ ነካ። ብዙው ዕዳ የሚቆጠረው በኦፒየም ስለነበር አብሮ አበጠ። ሴት ልጁን ለአበዳሪ የዳረ አባት አለ።

በ2022 እንደገና ተከለከለ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በዚያ ዓመት 233,000 ሄክታር የነበረው እርሻ በ2023 ወደ 10,800 ወረደ። ዋጋው ሲንር የተጠቀመው ክምችት የነበረው ባለመሬትና ነጋዴ ነው። ድሃው ምርቱን አስቀድሞ ሸጦታል።